ትልቅ ማግኔት፣ ደረቅ ኮን

ሰላም አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ፤ ዛሬም ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሴ ጥቂት ሰው ብቻ የሚጨነቅበት ነው፤ ቤት ውስጥ በእጅ ለሚሠራ የቤዝ ጡሩምባ የትኛው ስፒከር ይመረጥ?

ጡሩምባ ስል በየማማው ላይ የሚሰቀለውን ብረት ማለቴ አይደለም። መተላለፊያው ውስጥ ለውስጥ የተጣጠፈ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ስፒከሩ በጠባብ ጉሮሮ በኩል ይገፋል፤ ድምፁ እየሰፋ በሚሄደው መንገድ ተጉዞ በሰፊው አፍ ይወጣል።

ሱቅ ገብታችሁ ስፒከር ስትጠይቁ ሻጩ አስቀድሞ የሚያሳያችሁ የዋቱን ቁጥር ነው። ከዚያ ኮኑን፣ ማለትም እየተርገበገበ አየር የሚገፋውን የስፒከሩን ሾጣጣ ፊት፣ በአውራ ጣቱ ይጫንና «ይመልከቱ፣ እንዴት እንደሚተነፍስ!» ይላል። ለመኪና ይህ ምስጋና ይሆን ይሆናል። ለጡሩምባ ግን እንዲያ እንደ ልቡ የሚተነፍስ ስፒከር አልፈልግም። በተራ ሳጥን ውስጥ ያለ ስፒከር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ጥቂት በመቶውን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በደንብ የተሠራ ጡሩምባ ከ20 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሜዳ ላይ ያለ አየር ሲገፉት ወደ ጎን ያመልጣል፤ ጉሮሮ ውስጥ የታጨቀ አየር ግን መሸሻ የለውም፣ የተሰጠውን ግፊት ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ ኮኑ ብዙ መመላለስ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። የዋት ቁጥሩም በጥቂት ዋት ቤቱ ለሚሞላ ሰው እምብዛም ፋይዳ የለውም።

ጉልበቱን በቁጥር የምናነበው በአውስትራሊያ በሠሩ ሁለት መሐንዲሶች፣ በኔቪል ቲልና በሪቻርድ ስሞል ሥራ ነው። ቲል በ1961፣ ስሞል በ1970ዎቹ ያወጧቸው መለኪያዎች ዛሬ በስፒከር መግለጫ ወረቀት ላይ ሁሉ ይገኛሉ። እኔ አስቀድሜ የምፈልገው ስፒከሩ በራሱ የሚርገበገብበትን ድግግሞሽና ማግኔቱ ያንን መርገብገብ ምን ያህል እንደሚገታ የሚነግረውን የኤሌክትሪክ ኪው ነው። ኪው ባነሰ ቁጥር ማግኔቱ ይበረታል። ድግግሞሹን ለኪው አካፍሉት፤ ከ100 በላይ ከመጣ ስፒከሩ ለጡሩምባ ይታሰባል፣ ከ50 በታች ከሆነ ለዝግ ሳጥን ተዉት።

ያገለገለ ስፒከር ግን ወረቀት ይዞ አይመጣም። ተከላካይ (ሬዚስተር)፣ መልቲሜትርና ድምፅ የሚያመነጭ የስልክ መተግበሪያ ካለ በቤት ይለካል። የኮኑን ክብደት ለማወቅ በወርቅ ቤት ሚዛን የተመዘነ የሸክላ ጭቃ ኮኑ ላይ ለጥፎ ድግግሞሹ ስንት እንደወረደ ማየት ነው። ወርቅ ሠሪው ጭቃ ይዤ ስመጣ እንዴት እንዳየኝ አልነግራችሁም።

ምርጫዬ በሁለት የ15 ኢንች ስፒከሮች መካከል ነበር። አንደኛው ለመኪና የተሠራ፣ ወፍራም የላስቲክ ጠርዝና ከባድ ኮን ያለው ነው፤ 28 ኸርዝ (በሰከንድ 28 ጊዜ መርገብገብ ማለት ነው)፣ ኪው 0.55። ሲካፈል 51 ይሆናል። ሁለተኛው ከአዳራሽ የወጣ አሮጌ ነው፤ ጠርዙ የተጣጠፈ ጨርቅ፣ ኮኑ ቀላልና ደረቅ፣ ሲጫኑት እምቢ የሚል። 40 ኸርዝ፣ ኪው 0.3፤ ሲካፈል 133። የማካፈሉን ውጤት በሁለት ስታባዙት የኮኑ ክብደት ድምፁን መጎተት የሚጀምርበትን ጣሪያ ታገኛላችሁ። የመኪናው 102 ኸርዝ ላይ ይደክማል፤ የአዳራሹ እስከ 267 ይዘልቃል። እኔ ጡሩምባውን 100 ኸርዝ ገደማ ላይ ስለምቆርጠው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለሌላ ስፒከር ስለምተው፣ የመኪናው ጫፍ ላይ ቆሞ ሊሠራ ነው፤ አልወደድኩለትም።

ወደ ታች ደግሞ 40 ኸርዝ ይበቃኛል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው፤ እኔም የምሰማው የድሮ ባንዶቻችንን ነው። 40 ኸርዝ ግን የ8.6 ሜትር ሞገድ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ቢቆም የጡሩምባው አፍ 5.8 ካሬ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት፤ ይህ ሳጥን ሳይሆን የቤት ግድግዳ ነው። አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ የክፍሉን ማዕዘን የጡሩምባው ቅጥያ አድርጎ ገላገለን። ወለልና ሁለት ግድግዳ ሲያግዙት አፉ ወደ ስምንተኛው እጅ፣ ወደ 0.73 ካሬ ሜትር ይወርዳል። የእኔ ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነ አይነቃነቅም። ኮርኒሱ ግን እንደሚንቀጠቀጥ ከወዲሁ ይታየኛል።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የከተማችን ከፍታ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ ከፍታን ስላልሆነ የአፉ ስፋትና የመተላለፊያው አሰፋፍ አይለወጡም። በኮኑ ላይ የሚያርፈው የአየር ሸክም ግን ይቀላል፤ የኮኑ ክብደትና የጠርዙ ድርቀት ደግሞ እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ የአዳራሹ ስፒከር በባሕር ጠለል ስሌት 264 ካሬ ሴንቲሜትር ጉሮሮ ቢገባውም እዚህ ወደ 215 አጥብቤለታለሁ። የኮኑ ስፋት 855 ገደማ ስለሆነ አየሩ አራት እጥፍ በሚጠብ ቀዳዳ ሊገፋ ነው። ልል ኮን እዚህ ላይ ይታጠፋል። የአዳራሹን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ግራና ቀኝ ሁለት ጡሩምባ ለምን አልሠራህም ለምትሉኝ፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ አይለየውም፤ አንድ ማዕዘን ይበቃል። ሌላው ማዕዘን ላይማ በሩ አለ።