የኦንታ ሸክላ፦ አመድ እንዴት መስታወት ይሆናል

[ድምፅ፦ ውሃ ሲደፋ፣ ግንድ ሲጢጥ ሲል፣ ዱብ!]

የምትሰሙት ሙቀጫ ነው፤ የሚወቅጥ ሰው ግን የለም። ያለነው ጃፓን፣ ኪዩሹ ደሴት ላይ፣ ከሂታ ከተማ በላይ ባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ኦንታ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው። እዚህ ሸክላ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1705 ነው።

መውቀጫውን ካራኡሱ ይሉታል። የረጅሙ ግንድ አንድ ጫፍ እንደ ገንዳ ተቦርቡሯል፤ ጅረቱ ይሞላዋል፣ ገንዳው ያዘነብላል፣ ውሃው ይደፋል። ያኔ በሌላው ጫፍ ያለው ዘነዘና አፈሩ ላይ ይወድቃል። ከተራራው የተቆፈረው ጠንካራ አፈር እስኪልም ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ይወቀጣል። ከዚያ በውሃ ተበጥብጦ፣ ተጣርቶ፣ ዘቅጦና ጠፈፍ ብሎ ይታሻል። ጭቃው የሚገኘው ጅረቱ በሰጠው ፍጥነት ነው፤ ቸኮልኩ ቢሉ ዋጋ የለውም።

ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ከውጭ ተማሪ አይቀጠርም። ዕቃው ሥር የሠሪው ስም አይጻፍም።

[ምስል፦ በርሜል ውስጥ የተዘፈዘፈ አመድ]

አሁን ወደ ግሌዝ፣ ማለትም በእሳት ቀልጦ ሸክላውን እንደ መስታወት ወደሚያለብሰው ሽፋን። የእኛ ምጣድ ግሌዝ የለውም፤ በሜዳ እሳት ስለሚተኮስ ሙቀቱ ለዚያ አይበቃም፣ ስለዚህ በጎመን ዘር እናሟሸዋለን። የኦንታ እቶን ግን 1,250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል።

በጃፓን የታወቀው የወተት ነጭ ግሌዝ መነሻ ቀመር በደረቅ ክብደት ይህ ነው፦ 4 እጅ ፌልድስፓር (የተፈጨ የድንጋይ ማዕድን)፣ 3 እጅ የእንጨት አመድ፣ 3 እጅ የሩዝ ጭድ አመድ። ፌልድስፓሩ የመስታወቱ አካል ነው። የእንጨት አመድ ካልሲየም ስላለው ድንጋዩን ቶሎ ያቀልጠዋል። ነጭነቱ ከጭዱ ነው፤ አመዱ በአብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር ነውና።

ሥራው ያለው አመድ ማጠቡ ላይ ነው። አመዱ ተነፍቶ በብዙ ውሃ ይዘፈዘፋል። በማግስቱ ከላይ የጠለለው ውሃ ይደፋና አዲስ ይጨመርበታል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ እጅም ይልጣል፤ ጓንት ያስፈልጋል። ማሟለጩ ሲጠፋ በቃ። ያልታጠበ አመድ ጨዉ ከውሃው ጋር ሸክላው ውስጥ ይሰርግና ሲደርቅ ከንፈሩ ላይ ይከማቻል፤ እሳት ሲያገኘው ያቆስለዋል። ከመጠን በላይ ከታጠበ ደግሞ ለመቅለጥ ያስቸግራል።

[ምስል፦ ሳህን ግሌዝ ውስጥ ሲነከር]

ኦንታዎች ዕቃውን አስቀድመው አይተኩሱም፤ በጥሬው ግሌዝ አልብሰው አንዴ ብቻ ይተኩሱታል። ማገዶ ይቆጥባል፣ አደጋም አለው። ጥሬ ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ውስጡና ውጩ በአንዴ ከረጠበ ይሰነጠቃል ወይም ይዘምማል። መፍትሔው መጀመሪያ ውስጡን ማልበስ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ውጩን ቶሎ ነክሮ ማውጣት ነው። አቧራ ወይም የእጅ ቅባት ካለበት ግሌዙ ሲቀልጥ ተሰብስቦ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ውፍረቱን በመርፌ ጭረው እዩት፦ ለነጩ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ከሳሳ ነጭነቱ ጠፍቶ የሸክላው ቀለም ይታያል፤ ከወፈረ ቁልቁል ይፈስና ከመደርደሪያው ጋር ይጣበቃል። የዕቃው ሥር ሁልጊዜ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረግ።

[ምስል፦ ሌሊት፣ ከእቶኑ ቀዳዳ የሚወጣ ነበልባል]

እቶኑ ዳገት ላይ የተደረደሩ ክፍሎች አሉት። እሳቱ ከታች ይጀምራል፤ የታችኛው ሙቀት የላይኛውን እያሞቀ ይወጣል፣ ከጎን ደግሞ ቀጫጭን የጥድ እንጨት ይጨመራል። ሥራው ሌት ተቀን ነው።

ክፍሉ መብሰሉን ለማወቅ ግሌዝ የለበሰች ቁራጭ ሸክላ በብረት ዘንግ ከቀዳዳው ትወጣለች። ካበራች ቀዳዳው ይደፈንና ወደ ቀጣዩ ክፍል ይኬዳል፤ ከደበዘዘች ሌላ እቅፍ እንጨት።