ኤሚ ሌዱ

ሄሎ ሄሎ። ይሰማል? እሺ። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም። ባለፈው የ40/60ው ሊፍት ክፍል ሁለት ይቀጥላል ብዬ ነበር፣ ሊፍቱ አልተሰራም፣ ስለዚህ ክፍል ሁለትም የለም። ከኋላ ድምፅ ከሰማችሁ እማዬ ናት፣ ቡና እየቆላች ነው፣ "ዝም በይልኝ" ብያታለሁ፣ ያው ታውቋታላችሁ።

ማክሰኞ ማታ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከቪዛግ፣ ሕንድ አገር ከተማርኩባት ከተማ፣ ዋትሳፕ ገባ። ያ "ብራዘር" ሚለኝ ክላስሜቴ። የድሮ ሃርድ ዲስክ ሲያጸዳ አንድ ፎቶ አገኘና ላከው፣ ከስሩ በሳቅ የሚያለቅሰውን ኢሞጂ ሦስት ጊዜ ደርድሮ። ፎቶው ላይ እኔ አለሁ፣ ቀጫጫ፣ ያቺ ቡናማ ጃኬት፣ እጄ ላይ ብርድ ልብስ። ከፊቴ ሴትየዋ። የአራኩዋ፣ ከቪዛግ በባቡር ሚኬድበት ተራራ። አዎ፣ የ"ኤሚ ሌዱ" ታሪክ ላይ ያሉት። ያንን ታሪክ እዚህ ሁለት ጊዜ ሳልነግራችሁ አልቀርም፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት ውስጥም ምነግረው እሱን ነው፣ ሁሌም ያስቃል። ፎቶውን ካየሁ ወዲህ ግን እኔን እንጃ።

ለአዲሶቹ ቶሎ ልበል። ዲሴምበር ነው፣ ጓደኛዬ ሼፉ በዶሳ ሊጥ እንጀራ ሚጋግርበት ዘመን (በነገራችን ላይ ያ እንጀራ ጥሩ ነበር፣ ተሳስቼ ነበር ያማሁት)። ሼፉ ጴንጤ ነው፣ እኔ ማተቤን አስሬ ምዞር። እነሱ ጸሎት ቤት አካባቢ ያሉ ልጆች ከገና በፊት ተራራው ላይ ላሉት አዲቫሲዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ብርድ ልብስ ሊያድሉ ነው፣ ና አለኝ። እኔ የሄድኩት ለባቡሩ ነው። እውነቴን ነው! ከቪዛግ አራኩ ድረስ ከሃምሳ በላይ ዋሻ አለ፣ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ በገባ ቁጥር ሕንዶቹ ልጆች በአንዴ ይጮሃሉ፣ ሃምሳ ጊዜ፣ እና ካምፓስ ሙሉ ዓመት ያልሳቅኩትን ሳቅኩ። ከዛ ደግሞ ቡና አለ። ግሪቪሊያ ጥላ ስር የተተከለ ቡና፣ ዛፉ ላይ ቁንዶ በርበሬ ተጠምጥሞበት፣ የጅማ ልጅ ቢያየው የሚያለቅስ። ገበሬዎቹ እነዛው አዲቫሲዎች ናቸው። ያ ቡና አሁን ፓሪስ ሱቅ ሁሉ አለው፣ ያኔ ግን ጣቢያው ላይ በወረቀት ኩባያ... ቆይ፣ ወደ ቡና ልሄድ ነው፣ ልመለስ።

ሰው ተሰልፏል። ብርዱ የምር ብርድ ነው፣ ሕንድ አገር ብርድ የለም ያላችሁ ሰዎች አራኩን በዲሴምበር እዩት። ብርድ ልብሶቹ በማዳበሪያ ታጭቀው መጥተዋል፣ ቀይና ጥቁር ዳማ። አስተባባሪው መጀመሪያ ጸለየ፣ ረጅም ጸሎት። ከዛ እኔን ጎትቶ ፊት አቆመኝና "ከአፍሪካ የመጣ ክርስቲያን ወንድማችን" ብሎ አስተዋወቀኝ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ እና አዳዩ እኔ ሆንኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም እምቢ አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አራተኛ ወይ አምስተኛ ላይ እሳቸው መጡ። የእማዬ እድሜ ይሆናሉ፣ አፍንጫቸው ላይ ሦስት ቀለበት። እጃቸውን አልዘረጉም። ቀና ብለው አዩኝና "ኤም ቼፓሊ?" አሉኝ፣ በቴሉጉ፣ በአካባቢው ቋንቋ። ምን ልበል? ማለት ነው።

ምን ልበል። ገባችሁ? እንዴት ልቀበል አላሉም፣ ለኔ ነው ወይ አላሉም። ከፊታቸው የነበሩት ምን ብለው እንደተቀበሉ አላየሁም፣ ምናልባት እሳቸው አይተዋል። ለዚህ ብርድ ልብስ ምን እንደሚባል ነው የጠየቁኝ።

እኔ ደግሞ በዛች በአውቶ ሪክሾ መከራከሪያ ቴሉጉዬ "ምንም ማለት አያስፈልግም" ልል ፈልጌ "ኤሚ ሌዱ" አልኳቸው። ኤሚ ሌዱ ማለት "ምንም የለም" ነው። አልቋል። በቃ ልክ በአማርኛ "ምንም አይደል" ልትል ፈልገህ "ምንም የለም" እንደማለት። እና ታሪኩ ሁሌም እዚህ ጋ ያስቃል፣ ምክንያቱም ብርድ ልብሱን ታቅፌ ነው ምንም የለም የምላቸው፣ ሰልፉ ሁሉ ደነገጠ፣ ክላስሜቴ ከኋላ ሆኖ በሳቅ ሞተ፣ እኔም ወዲያው ሰጠኋቸው። "ወዲያው ሰጠኋቸው" ነው ምለው ሁሌ። ሄዳችሁ የድሮውን ኤፒሶድ ስሙት፣ "ወዲያው" ብያለሁ።

ፎቶው ላይ ብርድ ልብሱ እኔ እጅ ነው ያለው። እሳቸው ሁለት መዳፋቸውን አጋጥመዋል፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ከንፈራቸው ተከፍቷል። እየጸለዩ ነው። ወይ እየለመኑ። እኔ ደግሞ እሳቸውን አይደለም ማየው። ካሜራውን ነው ማየው።

...

ውሃ ልጠጣ።

እሺ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሳነብ ነው ያደርኩት፣ ታውቁኛላችሁ፣ ስጨነቅ አነባለሁ። ያ ባቡር እኮ ከአራኩ ቀጥሎ ኮራፑት ይገባል፣ ኮራፑት ኦዲሻ ነው፣ ሌላ ክልል። ኦዲሻ ደግሞ ከነጻነት በኋላ መጀመሪያ በመደለያ ሃይማኖት ማስቀየርን የከለከለ ክልል ነው፣ በፈረንጆቹ 1967። መደለያ ሲል በገንዘብም በዓይነትም የተሰጠ ስጦታ ይላል። በዓይነት! ዳማ ብርድ ልብስ። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስር ወይ 5,000 ሩፒ፣ የተቀየረው ሰው ሕጻን ወይ ሴት ወይ አዲቫሲ ወይ ዝቅ ከተደረጉት ካስቶች ከሆነ ደሞ እስከ ሁለት ዓመትና 10,000። ይሄ መስመር ላይ ቆምኩ። ሴት፣ ሕጻን፣ አዲቫሲ፣ አንድ ላይ። ሴትየዋ በዚህ ሕግ ሁለት ጊዜ ልጅ ናቸው ማለት ነው። እሳቸው እኮ "ምን ልበል" ሲሉኝ እንደ ልጅ አልነበረም፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ፣ ፍርጥም ብለው።

ኃይል መጠቀም ሲል ደግሞ በእግዚአብሔር ቁጣ ማስፈራራትንም ይጨምራል። በዚህማ የኛ ሰፈር ሰባኪዎች ስንቱ ዕድሜ ልክ... እሺ ተውኩት።

የኦሪሳ (ያው ኦዲሻ፣ የድሮ ስሟ ነው) ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1972 "መደለያ" የሚለው በጣም ሰፋ ብሎ ሕጉን ጣለው፣ በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለሰው፣ ሃይማኖትን ማስፋፋት መብት ነው፣ ሰውን ማስቀየር ግን መብት አይደለም ብሎ። ስታነቡት ትክክል ይመስላል። ከዛ ደግሞ ያቺን ሰከንድ ታስቧታላችሁ፣ ማስፋፋቱ የት ጋ አልቆ ማስቀየሩ የት ጋ ነው የጀመረው? ጸሎቱ ጋ? ሰልፉ ጋ? እኔ ጋ?

ለሼፉ ደወልኩለት። ፎቶውን ላኩለት። ዝም ብሎ ቆየና ተናደደብኝ። "አያቴ በሚሽን ክሊኒክ ነው የዳነችው፣ እዛው አመነች፣ ተገዛች ልትለኝ ነው?" አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? እኛ ሰፈር "በስንዴ የጰነጠ" እያልን ስንስቅ አድገናል፣ እኔም ብያለሁ፣ ሼፉ ፊት ብያለሁ፣ አብሮኝ ይስቃል ብዬ ነበር ማስበው።

ከዛ ደግሞ ሌላ አመጣልኝ፣ ስለ ሊቨንስ። ኮንስታንት ሊቨንስ፣ ቤልጂየማዊ ኢየሱሳዊ ቄስ፣ በ1885 ዛሬ ጃርካንድ ወደሚባለው ሄዶ ሙንዳና ኦራኦን አዲቫሲዎች መሬታቸውን በባለርስቶቹ ሲነጠቁ አገኛቸው። ስብከቱን ትቶ ፍርድ ቤት ተመላለሰላቸው፣ ጉዳያቸው ተሰማ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአስር ሺዎች ካቶሊክ ሆኑ። ጠበቃ መሆን መደለያ ነው? ሼፉ "አንተ ብትሆን ከማን ጎን ትቆማለህ፣ መሬትህን ካስመለሰልህ ወይስ ከነጠቀህ?" አለኝ። መልስ የለኝም። በሌላ በኩል ብርድ ልብስ መሬት አይደለም፣ ብርድ ልብስ... እንጃ፣ በዛ ብርድ መሬትም ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ሌላኛው ወገን፣ የሂንዱዎቹም፣ ባዶ እጁን አይደለም ሚመጣው። ቫንቫሲ ካልያን አሽራም ሚባል ድርጅት አለ፣ ከ1952 ጀምሮ፣ ለአዲቫሲ ልጆች ትምህርት ቤት፣ አዳሪ ቤት ሚከፍት። የተቀየሩትን መመለስ ደሞ "ጋር ዋፕሲ" ይባላል፣ ወደ ቤት መመለስ። ስሙ ራሱ መልሱን ይዟል። አዳሪ ቤቱ መደለያ አይባልም፣ ቤት ነዋ። ግን የማን ቤት? ጃርካንድ ያሉት እኮ እኛ ሂንዱም ክርስቲያንም አይደለንም፣ ሳርና ነን፣ የራሳችን እምነት አለን ነው ሚሉት፣ በ2020 የክልሉ ምክር ቤት በሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ የራሳችን ሳጥን ይሰጠን ብሎ ወሰነ። ሁለቱ ወገን "ወሰድክብኝ" እየተባባለ ሲጣላ ሰዎቹ ሳጥን እየለመኑ ነው።

ይሄን እያነበብኩ መሳቅ ጀምሬ ነበር፣ ከዛ ስቴይንስ ጋ ደረስኩ። ግሬም ስቴይንስ፣ አውስትራሊያዊው፣ ኦዲሻ ውስጥ ከሰላሳ ዓመት በላይ ከሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ጋር የሠራው። በጃንዋሪ 1999 ማኖሃርፑር ሚባል መንደር መኪናው ውስጥ ከሁለት ትንንሽ ልጆቹ ጋር ተኝቶ አቃጠሏቸው። ያስቀይራል ብለው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ስለኔ ፎቶ መጨነቄ ራሱ አስጠላኝ። ለነዛ ሰዎች ክስ ማቀብል መሰለኝ። ይሄን ኤፒሶድ ልሰርዘው ነበር፣ አሁንም እያሰብኩ ነው፣ ኤዲት ሳደርግ እናያለን።

አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ስንመለስ ጣቢያው ላይ ቡና ሚሸጡ አዛውንት ማተቤን አይተው ክላስሜቴን በቴሉጉ አንድ ነገር ጠየቁት። እሱ እየሳቀ ተረጎመልኝ፣ "ላንተስ ምን ሰጡህ?" ነው ሚሉት። እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ እኛ በኢዛና ጊዜ ነው የተቀበልነው፣ ከ1,600 ዓመት በላይ፣ ማንም አልሰጠንም ምናምን፣ ሌክቸር። ተረጎመላቸው። አዛውንቱ ኩባያውን እየሞሉ፣ "ያኔስ?" አሉ።

በቃ ያኔስ። ቡናው ሃያ ሩፒ ነበር መሰለኝ።

አያቴ ወሎዬ ናት፣ ቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት፣ ከኛ ቤት ሩቅ አይደለም፣ "ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም" ሚባለውን እየሳቀች ነበር ምትነግረን። ለማን ሹመት ተሰጠው፣ ማን ምን ተቀበለ፣ ማን... ይሄን ሌላ ጊዜ፣ እሷን ሳልጠይቅ አልናገርም።

እና ፎቶው። ሼፉ መጨረሻ ላይ ምን አለኝ፣ "ሰጥተሃቸዋል እኮ"። መስጠቱንማ ሰጥቻቸዋለሁ። ችግሩ መቼ ነው። ፎቶው አንድ ሰከንድ ነው፣ ከዛ በፊት ስንት ሰከንድ እንደያዝኩት አያሳይም። የሰሙኝ "የለም" ብለው ከሆነ፣ ካልጸለይኩ አይሰጠኝም ብለው ነው የጸለዩት። ወይ ደሞ ዝም ብለው ማመስገናቸው ነው፣ እዛ አገር እንደሆነ ሰላምታም ምስጋናም እንደዛው መዳፍ አጋጥሞ ነው! ግን ዓይን አይጨፈንም አይደል ለሰላምታ? ወይስ ብልጭታው ነው ያስጨፈናቸው?

ክላስሜቴን ማለት የነበረብኝን ጠየቅኩት። ቮይስ ላከ። "ቼፓካርሌዱ" ነው ሚባለው። ቼፓካርሌዱ፣ ማለት አያስፈልግም። ስሙት እስቲ። ቼፓካርሌዱ። ኤሚ ሌዱ። መጨረሻቸው አንድ ነው፣ ሌዱ፣ ሌዱ። ቶሎ ከተባለ፣ በዛ ጫጫታ... ቼፓካርሌዱ። ኤሚ—

መጣሁ እማዬ! አንደኛው ነው ወይስ ሁለተኛው? ቆይ አታፍሺው፣ መጣሁ አልኩሽ እኮ