ማሸጊያው ለምን እኛ በር ላይ ብቻ ይለጠፋል?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ፣ ከሁሉም በላይ ሱቃችሁን ለልጅ አደራ ብላችሁ የተገኛችሁ ቸርቻሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ገበያ ውድድርና ስለ መንግሥት ቁጥጥር ነው። እናገራለሁ። የመጣሁት ግን ሱቅ ሲታሸግ በር ላይ ስለምትለጠፈው ወረቀት ልናገር ነው።

የ2002 ነሐሴን ታስታውሳላችሁ። ዶላር ከ13 ብር ከምናምን ተነስቶ 16 ብር አለፈ። በዚያው ወር የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ወጣ። ከዚያ በ2003 ገና ሰሞን መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ሕዝቡ ተደሰተ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተደስቼ ነበር። እኔም ለልጆቼ ዘይት እገዛለሁ።

በሳምንቱ ዘይት ጠፋ። በጠዋት ተነስቼ መርካቶ ሄድኩ፣ ለዓመታት ደንበኛው ወደሆንኩ ጅምላ ነጋዴ። «የለም» አለኝ። ከኋላው በሩ ገርበብ ብሏል፤ ቢጫ ጀሪካኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረው ይታዩኛል። ዝም ብዬ ወጣሁ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ሠራተኛው ሮጦ ደረሰብኝ። «እትዬ፣ አለ። ግን ደረሰኙ በተመኑ ነው የሚጻፈው፤ ልዩነቱን በእጅ ትከፍያለሽ» አለኝ።

ምን ላድርግ? እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ በእጅ የከፈላችሁ? ከፍዬ አሥር ጀሪካን ጫንኩ። በገዛሁበት ላይ የታክሲውን ጨምሬ፣ ጥቂት ብር አትርፌ መሸጥ ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን ተቆጣጣሪዎች መጡ። «ደረሰኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋና እኔ የሸጥኩበት አይገናኝም። በወረቀት ካየኸው ቀማኛ እኔ ነኝ። አንዱ ልጅ እግር ነበር፤ ፊቴን እንኳ ማየት አልቻለም። «እህቴ፣ የታዘዝኩትን ነው» ብሎ በሩን ዘግቶ ወረቀቱን ለጠፈ፤ ማኅተሙን መታበት።

ዘጠኝ ቀን። ጠዋት የተረከብኩት ዳቦ ውስጥ ነበር። የዱቤ ደብተሬም ባንኮኒው ላይ ቀርቷል። ዱቤ ያለባቸው ሰዎች ሊከፍሉኝ ይመጣሉ፤ የማን ስንት እንደሆነ አላስታውስም። ጠላ የምትሸጥ ጎረቤቴ ግን በራሷ ቆጥራ አምጥታ ሰጠችኝ። ሱቁ ሲከፈት ደብተሩን አየሁት። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ዳቦው አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ሽታው እስከ መንገዱ ይሰማል።

ጥፋት የለብኝም አልልም። ከተመን በላይ ሸጫለሁ። ግን ያ ሁሉ ጀሪካን የተደረደረበት በር ታሸገ ወይ? አልታሸገም! ደረሰኙን በሐሰት የጻፈው ተጠየቀ ወይ? አልተጠየቀም! እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ዕቃው እኔ ጋ ሲደርስ ዋጋው አልቆ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ቁጥጥሩ ግን የሚጀምረው ከእኔ ነው።

መንግሥት ራሱ ዓመቱ ሳያልቅ ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ጣሪያውን አነሳ። እንደ ዘይትና ስኳር ያሉት ቀሩ፤ በኮታና በሸማቾች ማኅበራት ወረፋ። ዘይትና ስኳር እስከ ስንት ዓመት እንዳስቸገሩን ታውቁታላችሁ።

አንዳንዶች «ነጋዴ ካልተቆጣጠሩት ሕዝቡን ይበላል» ይላሉ። ወደ እኛ መንደር ይምጡ። በአንድ መንገድ ላይ አራት ሱቅ ነን። በኪሎ ስኳር ላይ 2 ብር ብጨምር ደንበኛዬ አስፋልቱን ተሻግራ ከማዶ ትገዛለች። ደግማም አትመለስም። ከእኔ ሱቅ በር ላይ ውድድር ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ከላይ ነው፤ ዕቃው በጥቂት ሰዎች እጅ በሚያልፍበት ቦታ።

ሁለተኛ ሻጭ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አይተናል። መስከረም 2015 ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፣ ሲም ካርድ የሚሸጡ ልጆች ጃንጥላ ዘርግተው መንገድ ላይ እየጠሩን ነበር። በፊት ሲም ለማውጣት ፎርም ይዘን የተሰለፍነው እኛው ነን።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ይባላል። ውድድር ይቀድማል፣ ጥበቃ ይከተላል። ገበያውን በበላይነት ይዞ ያለአግባብ መጠቀምን ይከለክላል፤ ተመሳጥሮ ዋጋ መወሰንንም ይከለክላል። እኔ በሱቄ በር ላይ ያየሁት ግን ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም በመጀመሪያው ሳምንት የታሸጉት እንደ እኛ ያሉ ሱቆች ነበሩ። የዶላሩን ዋጋ እኛ ነን እንዴ የወሰንነው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ደረሰኝ ከአስመጪው ጀምሮ ይጠየቅ። ጅምላ ነጋዴ ያለ ትክክለኛ ደረሰኝ ሲሸጥ የምንጠቁምበት፣ ጠቁመንም ዕቃ የማንከለከልበት መንገድ ይኑር። ሱቅ ከመታሸጉ በፊት ባለቤቱ ይሰማ። የሚበላሸው ዕቃ ይውጣ። የዱቤ ደብተሩም ይውጣ።

ይህንን ጽፈን አዘጋጅተናል። ዛሬ ለተገኙት የወረዳው ተወካዮች በእጃቸው እንሰጣለን። የፊርማው መዝገብ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስትወጡ የንግድ ፈቃድ ቁጥራችሁን ጨምራችሁ ፈርሙ።