በዕረፍት የማይሻል የወገብ ሕመም

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናየው የአከርካሪ መገጣጠሚያዎችን ብግነት፣ ማለትም መቆጣት ነው። ሐኪሞች አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ይሉታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት ይጀምራል።

ጎጃም ውስጥ የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን በሽታ ለመረዳት አይቸገርም። ቋሚው ተተክሎ ማገሩ ሲታሰር ግድግዳው ገና ክፍት ነው፤ ስትገፉት ይወዛወዛል፣ ነፋስም ያልፍበታል። ከዚያ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ምርጊቱ እርጥብ ሳለ አሁንም ይላወሳል። ሲደርቅ ግን ቋሚውና ማገሩ አንድ አካል ይሆናሉ፤ ብትገፉት አይነቃነቅም፣ በኃይል ከተመታ ግን ይሰነጠቃል። አከርካሪም እንዲሁ ነው፤ ብግነቱ ለዓመታት ሲቆይ ሰውነት በአንጓዎቹ መካከል አዲስ አጥንት ይመርጋል፣ አንጓዎቹም ይጣበቃሉ። እንዲህ የደረቀ አከርካሪ በቀላል አደጋ ሊሰበር ስለሚችል፣ ሕመምተኛውን ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ጀርባውን ማስጠምዘዝ እጅግ አደገኛ ነው።

ብዙዎቻችሁ «ብርድ መትቶት ነው፤ ይተኛና ይሻለዋል» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ይህን ሳላብራራ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ወጣቶቻችንን ለዓመታት አልጋ ላይ የሚያስቀር ሐሳብ ነው። አጨዳ ላይ የዋለ ወይም ጆንያ የተሸከመ ሰው ወገቡ ቢያመው ሲያርፍ ይሻለዋል። ይኼኛው ግን ሌሊት ሊነጋ ሲል ይቀሰቅሳል፤ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ገትሮ ይይዛል። ሰውየው ጫማውን ለማሰር ማጎንበስ ያቅተዋል፤ ከብቶቹን ወንዝ አውርዶ፣ ውኃ አጠጥቶ ሲመለስ ግን ወገቡ ይፍታታል። ሲተኛ የሚብስ፣ ሲንቀሳቀስ የሚቀል ሕመም ሦስት ወር ካለፈው ሐኪም ሊያየው ይገባል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለበት ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መቆየት አያስፈልግም፤ እግር ከሰነፈ በዚያው ቀን መሄድ ግድ ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ መሠረቱ በየቀኑ የሚሠራ የማፍታታት እንቅስቃሴ ነው፤ የእንቅስቃሴዎቹን ዓይነት በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለማሳይ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ። ከመድኃኒቶች መካከል በቅድሚያ የሚሰጡት እንደ ኢቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲንና ዳይክሎፌናክ ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። እነዚህ ካልበቁ እንደ አዳሊሙማብ ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን ተደብቆ የቆየ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ አስቀድሞ የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ለእጅና ለእግር መገጣጠሚያ ቢጠቅምም ለአከርካሪው አይረዳም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢያቆም ለራሱ ትልቅ ሕክምና አደረገ ማለት ነው።

ለጿሚዎች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉት የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ ስለሚችሉ በባዶ ሆድ አይዋጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ እንዲሆን ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ። ዓይናችሁ በድንገት ቀልቶ ካመማችሁና ብርሃን ማየት ካስቸገራችሁ ደግሞ ብግነቱ ወደ ዓይን ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።