ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከቬት ስኩል፣ ማለትም ከእንስሳት ህክምና ትምህርት ቤት፣ ሊመረቁ የደረሱ ልጆች ኢንተርንሺፕ (ከምረቃ በኋላ በሲኒየር ሐኪሞች ስር የሚሰራበት ልምምድ) የት ልግባ፣ ሬዚደንሲስ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሰለጠንበት) የት ይሻላል እያሉ ደጋግመው ሲጠይቁኝ እኔ ያኔ እንዴት እንደመረጥኩ ላውራችሁ ብዬ ነው።

እኔ ስመረቅ የማመለክትባቸውን ሆስፒታሎች ዝርዝር የሰራሁት በስም ነበር። ትልቅ ስም ያለው ከላይ፣ ሰምቼው የማላውቀው ከታች፣ በቃ። ከዛ ከማመልከቴ በፊት ሁለት ሆስፒታል ሁለት ሁለት ሳምንት ሄጄ አየሁ። የመጀመሪያው ስመ ጥሩ ነው፣ ኤምአርአይ አለ፣ ሲቲ አለ፣ ምን የሌለ አለ። አንድ ሌሊት ግን ጨጓራው ተነፍቶ የዞረበት ትልቅ ውሻ መጣ። ይሄ ኬዝ ጊዜ አይሰጥም፣ የተነፋው ጨጓራ ደም ወደ ልብ የሚመልሱትን ትላልቅ ደም ስሮች ስለሚጫን ውሻው ወዲያው ሾክ ውስጥ ይገባል፣ ፍሉይድ መስጠት አለ፣ አየሩን ማስተንፈስ አለ፣ ከዛ ኦፕራሲዮን። ኢንተርኗ ብቻዋን ነበረች። ሲኒየሩ ጋ ደወለች፣ አይነሳም፣ ደገመች፣ አይነሳም። እጇ እየተንቀጠቀጠ መርፌውን አስገብታ አየሩን አስወጣች። ውሻው ተርፏል፣ እኔ ግን የሷን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

ሁለተኛው ቦታ አነስ ያለ ነው። እዛ ሽንቱ የተዘጋበት ድመት ሌሊት ሲመጣ ሲኒየሯ ከቤቷ መጣች፣ ሽንቱን የሚያስወጣውን ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተሩን፣ ግን ራሷ አላስገባችም፣ ከኢንተርኑ ጎን ቆማ "ቀስ በል፣ በጉልበት አትግፋ፣ ፖታሲየሙን አየኸው? ልቡስ?" ትለዋለች። ሽንት ሲዘጋ ደም ውስጥ ፖታሲየም እንደሚጨምርና ልብ ሊያቆም እንደሚችል ሁላችንም ተምረነዋል፣ ግን እኔ የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

እና የምላችሁ፣ ኢንተርንሺፕ አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት ነው፣ ሬዚደንሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት፣ አንዳንዱ ከዛም ያልፋል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ከማን ጋር ነው የምታሳልፉት? ስትጠይቁ ዳይሬክተሩን ብቻ አትጠይቁ፣ አሁን እዛ ያሉትን ልጆች ጠይቁ፣ በተለይ ሳይጨርሱ የወጡትን ፈልጋችሁ አናግሩ። ሌሊት ማን ነው ያለው፣ ኦፕራሲዮን ላይ ቢላዋውን የሚይዘው ማነው፣ ለጥናት ከክሊኒክ ነፃ የሆነ ሳምንት በትክክል ይሰጣል ወይስ ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ ያለፉት ሬዚደንቶች የቦርድ ፈተናውን፣ የስፔሻሊስትነቱን ፈተና ማለቴ ነው፣ አለፉ ወይ። የመጨረሻዋን የሚደብቅ ቦታ እኔን ያስፈራኛል።

ደግሞ ስሙ ሬዚደንሲ ስለተባለ ብቻ አትመኑ። ፕሮግራሙ በስፔሻሊቲው ኮሌጅ (ትምህርት ቤት ሳይሆን ስፔሻሊስቶችን የሚያውቀው አካል ነው) ካልታወቀ ዓመታት ሰርታችሁ ፈተናው ላይ ላትቀመጡ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ራሱ ኮሌጁ ጋ አረጋግጡ። አገሩም ይለያያል፣ አውሮፓ ስፔሻሊስትነቱ በየ5 ዓመቱ እንደገና ይታያል። አሜሪካ ደግሞ ብዙው በማች፣ ማለትም አመልካችና ፕሮግራም በሚያገናኝ ምደባ፣ ነው፣ እናንተ ፕሮግራሞቹን በቅደም ተከተል ታስቀምጣላችሁ እነሱም እናንተን፣ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ግዴታ ነው። ስለዚህ "ለማንኛውም ልጨምረው" ብላችሁ መሄድ የማትፈልጉበትን ቦታ እንዳታስገቡ፣ እባካችሁ፣ እሱ ሊደርሳችሁ ይችላል!

ልባችሁ ሪሰርች ላይ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ መንገድ ግድ አይደለም፣ ማስተርስና ፒኤችዲ አለ፣ እዛም ቢሆን ከዩኒቨርሲቲው በፊት አድቫይዘሩን እዩ።

እኔ ዝርዝሬን ገለበጥኩትና ትንሹን ሆስፒታል አንደኛ አደረግኩት፣ ደረሰኝም። የመጀመሪያ ዲዩቲዬ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መተንፈስ ያቃታት ድመት መጣች፣ ኦክስጅን ውስጥ አስገብቼ ሲኒየሯ ጋ ደወልኩ፣ ሁለቴ እንኳን ሳይጠራ አነሳችው። "ኦክስጅኑ ውስጥ ተያት፣ ለራጅ ብለህ አታስጨንቃት፣ እየመጣሁ ነው" አለችኝ።