ደካማዋን ሞለኪውል አትጣሏት

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ የምናገረው ስለ ደካማ ሞለኪውሎች ነው። መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ያለው መድኃኒቱ የታለመለትን ፕሮቲን ጥብቅ አድርጋ በምትይዘው ሞለኪውል ላይ ነው። ላላ አድርጋ የምትይዘውን ዞር ብሎም አያያትም። እኔ ግን በዚህ ልማድ ብዙ ነገር እናጣለን ባይ ነኝ። ምክንያቴ ኤንኤምአር ነው፤ ሞለኪውሎችን በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የምንመረምርበት ዘዴ።

የአንዳንድ አቶሞች ኒውክሊየስ የማግኔት ጠባይ አለው። ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ አስገብተን በሬዲዮ ሞገድ ስንነካው ምልክት ይሰጣል። በዙሪያው ያለው ነገር ሲለወጥ ምልክቱም ይለወጣል። ሥራው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ፕሮቲኑን የሚያመርቱልን ባክቴሪያዎች ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚመቸን የናይትሮጅን ዓይነት፣ ናይትሮጅን 15፣ በተፈጥሮ ካለው ናይትሮጅን ከ0.4 በመቶ በታች ስለሆነ፣ እሱን ብቻ እንመግባቸዋለን። ከዚያ ከፕሮሊን በቀር እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ማለት ይቻላል በስፔክትረሙ፣ ማለትም ምልክቶቹ በሚታዩበት ሥዕል ላይ የራሱ ነጥብ ይኖረዋል። አሁን ሞለኪውሏን ጨምሩበት። አብዛኞቹ ነጥቦች ንቅንቅ አይሉም። ጥቂቶቹ ግን ፈቀቅ ይላሉ። ሞለኪውሏ የተቀመጠችው ብዙውን ጊዜ እነሱ ጋ ነው። ብዙውን ጊዜ ያልኩት፣ ፕሮቲኑ ቅርጹን ሲቀይር ራቅ ያሉትም ስለሚነቃነቁ ነው። መጠኗን እየጨመርን ስንከታተል ደግሞ የአያያዟን ጥንካሬ እናሰላለን። አያያዟ በጣም ላላ ያለ ቢሆን እንኳ ይታያል።

በ1996 ስቲቨን ፌሲክ የተባለ ተመራማሪና አቦት በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ያሉ ባልደረቦቹ ይህን ተጠቀሙበት። ኤፍኬቢፒ በተባለ ፕሮቲን ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ደካማ ሞለኪውሎች አገኙ። ሁለቱን በአጭር ድልድይ አገናኟቸው። በማይክሮሞላር የነበረው አያያዝ ናኖሞላር ደረጃ ደረሰ! በዚህ ልኬት ቁጥሩ ሲያንስ አያያዙ ይጠብቃል፤ ናኖሞላር ከማይክሮሞላር፣ ማይክሮሞላርም ከሚሊሞላር የጠበቀ ነው። ቀጥሎ ቢሲኤል ኤክስኤል መጣ፤ የካንሰር ሕዋስ እንዳይሞት የሚከላከል ፕሮቲን። የመጀመሪያዋ ቁራጭ አያያዟ 0.3 ሚሊሞላር አካባቢ ነበር። ብዙ ቤተ ሙከራ እንዲህ ያለችውን ይጥላታል። ከእሷ የተጀመረው ሥራ ግን በ2005 ኤቢቲ 737 የተባለችውን ሞለኪውል ወለደ። የዚያው የምርምር ሐረግ የሆነው ቬኔቶክላክስ የተባለው መድኃኒትም በ2016 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ተፈቀደ።

ፕሮቲኑ ትልቅ ሲሆን ነጥቦቹ እየደበዘዙ ያስቸግራሉ። ያኔ ከሞለኪውሏ ወገን ማየት ይሻላል። የፕሮቲኑን ምልክት በሬዲዮ ሞገድ እናደክማለን። ድካሙ እሱን ነክታ ወደተመለሰችው ሞለኪውል ይተላለፋል፤ ያልነካችው እንዳለች ትቀራለች። ለዚህ ፕሮቲኑን በናይትሮጅን 15 ማሳደግ አያስፈልግም፤ የሚፈለገውም ትንሽ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ቀጣዩን ማጣሪያችሁን ስትጨርሱ፣ “ደካማ” ብላችሁ የለያችኋቸውን ከመጣላችሁ በፊት በዚህ መንገድ እዩዋቸው።

አመሰግናለሁ።