ዘይቱን ከመጨመራችን በፊት፦ የቆዩ የናፍጣ መኪናዎችና አማራጭ ነዳጅ

ክቡራትና ክቡራን፣

የቆየ የናፍጣ መኪና ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ «የምግብ ዘይት ብጨምርበት ይሠራል ወይ?» የሚል ነው። አዎን፣ ይሠራል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ግን ይህ አጭር መልስ ብቻውን ሲቀር ሞተር እንደሚያበላሽ ስለማውቅ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ የኦቶ ኩባንያ አንድ አነስተኛ የዲዝል (የናፍጣ) ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ አሳይቶ ነበር። የሞተሩ ፈልሳፊ ሩዶልፍ ዲዝል በ1912 ይህንኑ ሲያስታውስ፣ ሞተሩ ምንም ለውጥ እንዳልተደረገበትና በዘይት መሥራቱን ያስተዋሉት ጥቂቶች ብቻ እንደነበሩ ጽፏል። ይሁንና ከዚያ ወዲህ የናፍጣ ፓምፑም፣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተሩም እየረቀቁ የመጡት ለቀጭኑ ናፍጣ ተብለው ነው፤ ችግራችንም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ የናፍጣ ዝልግልግነት በሰከንድ ከ2 እስከ 4.5 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ግን ከ30 ይበልጣል። እንዲህ ያለው ወፍራም ፈሳሽ ከኢንጀክተሩ አፍ እንደ ጉም በንኖ መውጣት ሲገባው በትልልቅ ጠብታ ይረጫል፤ ጠብታውም በቅጡ ሳይቃጠል ይቀርና በኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ ጥቀርሻ ይጋግራል፣ የፒስተኑን ፋሻ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚከበውን ቀለበት፣ ከተቀመጠበት ቦይ ጋር ያጣብቃል፣ የተረፈውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። እዚያም ሙቀትና አየር ሲያገኘው ይወፍርና የሞተር ዘይቱን ወደ ሙጫነት ይለውጠዋል። ተልባን አስቡ፤ ዘይቱ ቶሎ ስለሚደርቅ ለቀለም ሥራ ተመራጭ የሆነው በዚሁ ጠባዩ ነው፣ ለሞተር የማይሆነውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የኮኮናት ዘይት በተቃራኒው አይደርቅም፤ ነገር ግን ከ25 ዲግሪ በታች ሲሆን መርጋት ይጀምራል።

እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ጉዳቱ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። ባለመኪናው ዘይቱን ጨምሮ ሲነዳ ሞተሩ እንደ ወትሮው ይነሣል፣ እንደ ወትሮው ይጎትታል፤ ፋሻው መጣበቁን የሚያውቀው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጉልበቱ ሲደክምና ጠዋት ጠዋት አልነሣ ሲል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስኬት እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

መኪናዎችም እኩል አይችሉትም። ነዳጁ አስቀድሞ በትንሽ ክፍል ውስጥ መቃጠል የሚጀምርባቸው የቆዩ ሞተሮች፣ ነዳጁ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ከሚረጭባቸው ይልቅ ታጋሾች ናቸው። ፓምፑም ይለያያል፤ በሞተር ዘይት የሚለሰልሰው ይሻላል፣ በራሱ በነዳጁ የሚለሰልሰው ባለ ሽክርክር (ሮታሪ) ፓምፕ ግን ቀዝቃዛና ወፍራም ዘይት ሲገፋ ሊሰበር ይችላል። ከአንድ ሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚሠሩት የኮመን ሬይል ሞተሮች፣ ማለትም ነዳጁ ከአንድ የጋራ ቧንቧ ለኢንጀክተሮቹ የሚከፋፈልባቸው፣ ግን ጥሬ ዘይት ፈጽሞ ሊገባባቸው አይገባም።

መፍትሔው ወይ መኪናውን ለዘይቱ ማመቻቸት ነው፣ ወይ ዘይቱን ለመኪናው። በመጀመሪያው መንገድ ሁለተኛ የነዳጅ ታንከር ይገጠማል፤ ሞተሩ በናፍጣ ይነሣል፣ የራዲያተሩ ሙቅ ውሃ ዘይቱን እስከ 70 ወይም 80 ዲግሪ ካሞቀው በኋላ ወደ ዘይት ይቀየራል፣ ከመጥፋቱ በፊትም ቧንቧው በናፍጣ እንዲታጠብ ይደረጋል። ይህን የመጨረሻ እርምጃ መርሳት ማለት በማግስቱ የቀዘቀዘ ዘይት ይዞ ሞተር ለማስነሣት መታገል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ባዮዲዝል፣ ማለትም በአልኮል ተለውጦ የቀጠነ ዘይት፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ቤልጅጋዊው ተመራማሪ ሻቫን የዘንባባ ዘይትን በአልኮል የመለወጥ ዘዴውን በባለቤትነት አስመዝግቧል። ዛሬ በተለመደው አሠራር 100 ኪሎ ዘይት ከ10 ኪሎ ገደማ ሜታኖል ከተባለ አልኮልና ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ፣ 100 ኪሎ ያህል ባዮዲዝልና 10 ኪሎ ያህል ግሊሰሪን ያስገኛል፤ ዝልግልግነቱም ወደ ናፍጣው ይቀርባል። በቤት ለመሥራት ለምታስቡ ግን አጥብቄ የማሳስበው አለ፤ ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ ነው፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም።

ባዮዲዝል የቆየ ዝቃጭን አጥቦ ስለሚያወርድ መጀመሪያ አካባቢ ፊልትሮ ይዘጋል፤ የተፈጥሮ ጎማ ቱቦዎችንም ያላላል። ከኩሽና የተረፈ ዘይት ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ውሃውና የምግብ ፍርፋሪው በሚገባ መወገድ አለበት። በሃይድሮጅን የተጣራው የዘይት ናፍጣ ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ የሉበትም፤ የሚመረተው ግን በትልቅ ማጣሪያ ፋብሪካ ነው።

በሁለት ታንከር ጥሬ ዘይት ለመጠቀም የወሰናችሁ፣ የሞተር ዘይቱን ከተለመደው ጊዜ በግማሽ አሳጥራችሁ ለውጡ። የዘይት መለኪያ ዘንጉንም በየሳምንቱ ሳቡት፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ወይም ዘይቱ በጣታችሁ መካከል እንደ ማር ተስቦ ካገኛችሁት፣ በዚያኑ ዕለት ወደ ናፍጣ ተመለሱና የሞተር ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስሱት።